ሃምሳ ሁለትና ሃምሳ ሦስት

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው
ክፍል፦ የቤታችን የፊት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር
ርዕስ፦ ንጥረ ነገሮችን እንዲህ ወይም እንዲያ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው?

ይድረስ ለልጄ፤ ርቀሽ ሄደሽ ከሐሳቤ አንድ ቀን ላልራቅሽው፦

ከላይ ያለውን አይተሽ ሳትስቂ አትቀሪም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ቀንና ርዕስ ሳይጽፍ ትምህርት ጀምሮ የማያውቅ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍም እጁ ወደ ለመደው ይሄዳል። ይህ አራተኛው ወረቀት ነው። የመጀመሪያውን «ውድ ልጄ ሆይ» ብዬ ጀምሬው መልሼ ሳነበው የስብሰባ መክፈቻ ንግግር መሰለኝና ቀደድኩት። ሁለተኛው ላይ ስለ ዝናቡ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፍኩ። ሦስተኛውን እናትሽ ሳታየው ዕቃ ጠቀለለችበት። ስለዚህ ይህኛው እንደወጣ ይውጣ ብያለሁ፤ ቀይ እስክሪብቶ ይዘሽ አትጠብቂኝ።

እኛ ደህና ነን። እናትሽን ያማት የነበረው እግሯ ተሽሏታል፤ ከጎረቤት ጋር በአጥር ላይ ማውራቷን ጀምራለች፣ ስለዚህ ድናለች ማለት ነው። እኔም ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል እንጂ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለብኝም። ከትናንት በስቲያ፣ እሁድ፣ ስትደውዪ «ትንሽ አመም አድርጎት ተኝቷል» ብላ እናትሽ የዋሸችሽ እኔ ለምኛት ነው። አልተኛሁም፣ ጓሮ ቆሜ ነበር። ፈርቼ ነው የወጣሁት። በእናትሽ አፍ ሊነገር የማይችል ነገር በሆዴ ይዤ ነበርና እንዳያመልጠኝ ፈራሁ።

የነገሩ መነሻ ልጅሽ ናት። ከዚያ በፊት በነበረው እሁድ፣ እንደ ወትሮው፣ እናትሽ ስልኩን ይዛ እኔ ደግሞ ጋዜጣ የማነብ መስዬ ከጎኗ ተቀምጬ ነበር። አሠራራችንን ታውቂዋለሽ። አንቺ «መምህር ደህና ናቸው?» ትያታለሽ፤ እሷ ወደ እኔ ዞራ ታደርሳለች፤ እኔ «ደህና ነኝ፣ እሷስ በያት» እላለሁ፤ እሷ መልሳ ትወስዳለች። ስንት ዓመት ሙሉ የስልክ ቤት ሠራተኛ አድርገናታል። ራሷም «እኔ ከዚህ ሥራ ጡረታ የምወጣው መቼ ነው?» ማለት ጀምራለች።

በዚያ ቀን ግን ልጅሽ ስልኩን ከአንቺ ነጥቃ እኔን ፈለገች። እናትሽ ዓይኗን አፍጥጣ ስልኩን ሰጠችኝ። «መምህር፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት?» አለችኝ በዚያች ቀጭን ድምፅዋ። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት የልጅ ልጄ ናት፤ ስሜ መምህር ይመስላታል። ምን ታድርግ፣ ሌላ ብለሽ ስትጠሪኝ ሰምታ አታውቅም።

ጥያቄዋ ይህ ነበር። አቶም ሁሉ ከእነዚያው ከሦስቱ ዓይነት ቅንጣቶች የተሠራ ከሆነ፣ አንዱን ወርቅ፣ አንዱን እርሳስ፣ አንዱን ደግሞ የምንተነፍሰው አየር የሚያደርገው ምንድን ነው? አስተማሪዋ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎት ሳይገባት ቀርቷል። ልቤ ሞቅ አለ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ከዚያ አንድ ነገር ጨመረችልኝ። «እማዬን ስጠይቃት፣ መምህርን ጠይቂያቸው፣ እንደሳቸው የሚያስረዳሽ የለም አለችኝ።»

ይህን ማለትሽን ትክጂ ይሆናል። እኔ ግን ሰምቻለሁ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ብቻዬን ስሆን ለራሴ እየደጋገምኩት ነው።

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው «በክብደ…» የሚል ነበር። ወዲያው ያዝኩት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ሁለቱም ደርሰውብኛል። ዝም ስል ጊዜ ልጅቷ «መምህር፣ ተቋረጠ እንዴ?» አለች። በደብዳቤ እንደምጽፍላት ነግሬያት ስልኩን ለእናትሽ መለስኩ። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። ያን መልስ በሐቅ ለመናገር አስቀድሜ ለአንቺ የምነግርሽ ነገር ስላለብኝ ነው።

የቤተ ሙከራውን የኋላ ግድግዳ ታስታውሺዋለሽ። ትምህርት ቤቱ የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ አልነበረውምና አሥራ ስድስት ዓመት በሞላሽ ዓመት፣ እኔ ክፍል ከመግባትሽ በፊት በነበረው የዕረፍት ጊዜ፣ እኔው ራሴ ግድግዳው ላይ ሳልኩት። አንቺ ማስመሪያውን ትይዢልኝ ነበር። አፍንጫሽ ላይ ሰማያዊ ቀለም ነክቶሽ ሁለት ቀን አልለቅ ብሎ እናትሽ እንዴት እንደተቆጣችን አትረሺውም።

የምገለብጠው ከአንድ ካረጀ መጽሐፍ ነበር። አምስተኛው ረድፍ ላይ ስደርስ ቴሉሪየም ቀድሞ አዮዲን ተከትሎ አገኘሁ። ክብደታቸውን ሳይ ግን ቴሉሪየም 127.6፣ አዮዲን 126.9። ከባዱ ቀላሉን ቀድሞታል። እኔን ያስተማሩኝ መምህር ሰንጠረዡ በክብደት የተደረደረ ነው ብለው ነበር ያስተማሩን። የአቶም ቁጥር የሚባለው ደግሞ ሁሉም ተሰልፈው ካበቁ በኋላ እንደ ተማሪ ስም መጥሪያ የሚሰጣቸው ተራ ቁጥር ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ማተሚያ ቤቱ ተሳስቷል ብዬ እኔ «አረምኩት»። አዮዲንን ሃምሳ ሁለት ብዬ ከሰልፈርና ከሴሌኒየም ሥር፣ ቴሉሪየምን ሃምሳ ሦስት ብዬ ከክሎሪንና ከብሮሚን ሥር አኖርኳቸው። በዚያው ገጽ ላይ ከባዱ ቀላሉን የቀደመባቸው ሌሎች ቦታዎችም ነበሩ፤ ቀና ብዬ ባይ ኖሮ እጠረጥር ነበር። አላየሁም። ተማሪዎቹ ሚዛን የሚል ቅጽል ስም ያወጡልኝ በከንቱ አይደለም፤ ያልተመዘነ ነገር አላምንም ነበር።

ትምህርት በተጀመረ በአራተኛው ወር ሦስቱን ብርጭቆዎች አሳየኋችሁ። በአንደኛው የክሎሪን፣ በሁለተኛው የብሮሚን፣ በሦስተኛው የአዮዲን ጨው በውኃ ሟሙቷል። በሦስቱም ላይ ሲልቨር ናይትሬት ጠብ አደረግሁ፤ ሦስቱም እንደ ወተት ረጉ፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ገርጣ ያለ፣ አንዱ ቢጫ። «አያችሁ፣ ወንድማማቾች ናቸው» አልኳችሁ። በማግስቱ እጅሽን አወጣሽ። አዮዲን የክሎሪንና የብሮሚን ወንድም ከሆነ ለምን ከሰልፈር ቤተሰብ ጋር እንደተቀመጠ ጠየቅሽኝ።

በክፍሉ ውስጥ አርባ ተማሪ አለ። እኔ ደግሞ ያን ሰንጠረዥ የሳልኩት በገዛ እጄ ነው። «ሚዛን ይዋሻል እንዴ?» አልኩሽ።

«ሚዛኑ አይዋሽም መምህር» አልሽኝ ቆመሽ፤ «ግን ጠባያቸውን የሚወስነው ክብደታቸው ባይሆንስ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ነው የተጠየቅሁት። የጠየቀችኝም ልጄ ነበረች። ሌላ አባት ቢሆን ክፍሉ ውስጥ ይጨፍር ነበር። እኔ ግን «ተቀመጪ፤ እዚህ ቤትሽ አይደለሽም» አልኩሽ። ልጆቹ ሳቁ። አንቺ ተቀመጥሽ።

በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ መምህር እንጂ አባዬ እንዳትዪኝ ያዘዝኩሽ እኔ ነኝ። ለልጁ ያዳላል እንዳልባል ነበር። ትእዛዙን አንድ ቀን አልጣስሽም። ከግቢው በር ከወጣን በኋላ ግን «አባዬ፣ ቦርሳዬን ያዝልኝ» ትዪኝ ነበር፤ እኔም እንዳልወድ እያጉረመረምኩ እይዝልሽ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላም ይህ አልቀረም። እቤት ውስጥ አባዬ ማለትሽን ቀጠልሽ። አንድ ያልገባኝ ነገር ብቻ ነበር፤ ማታ ማታ ራት ላይ ዓይን ዓይኔን እያየሽ «ዛሬ ቤተ ሙከራ ገብተህ ነበር?» ትዪኛለሽ። «ገብቼ ነበር» እላለሁ። ትንሽ ትጠብቂና ታቀረቅሪያለሽ። ይህ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ።

በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ አዲሶቹ መጻሕፍት በካርቶን መጡ። እኔ ነበርኩ የፈታኋቸው። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ቆሜ አንዱን ገለጥኩ፤ ሳልቀመጥ ምዕራፉን ጨረስኩት። አሁን ለልጅሽ የምመልስላትም ያን ቀን ያነበብኩትን ነው፤ አንብቢላት፤ የማይገባት ቦታ ካለ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታቃኚላታለሽ።

በአቶም መሐል አስኳል አለ። አስኳሉ ውስጥ ፕሮቶን የሚባሉ ቅንጣቶች አሉ። የአንድን ንጥረ ነገር ማንነት የሚወስነው የእነሱ ብዛት ነው። ስምንት ከሆኑ ኦክስጅን ነው፤ ሰባ ዘጠኝ ከሆኑ ወርቅ ነው፤ ሰማንያ ሁለት ከሆኑ እርሳስ ነው። አንድ ከተጨመረ ወይም ከተቀነሰ ያ ነገር ሌላ ነገር ሆነ። የአቶም ቁጥር ማለት ይህ ቆጠራ ነው፤ እኔ የስም መጥሪያ ተራ ያልኩት። በዚያው አስኳል ውስጥ ኒውትሮኖችም አሉ። እነሱ ክብደት ይጨምራሉ እንጂ ጠባዩን ይህ ነው በሚባል መጠን አይለውጡትም። ቴሉሪየም አዮዲንን በክብደት የበለጠው ኒውትሮን ስለበዛበት ነው፤ በፕሮቶን ግን በአንድ ያንሳል። ሃምሳ ሁለት መሆን የነበረበት እሱ ነው።

ከአስኳሉ ውጭ ደግሞ በፕሮቶኖቹ ቁጥር ልክ ኤሌክትሮኖች በደርብ በደርብ ይኖራሉ። አንድ ንጥረ ነገር ከማን ጋር እንደሚዋሃድ፣ ማንን እንደሚሸሽ፣ ሲነካካ ምን እንደሚሆን በአብዛኛው የሚወስኑት በመጨረሻው ደርብ ላይ ያሉት ናቸው። ጎረቤት የሚያውቀው ደጃፍ ላይ የሚቆመውን ነው፤ ጓዳ ያለውን ማን ያየዋል? ክሎሪንም ብሮሚንም አዮዲንም ደጃፋቸው ላይ ሰባት ሰባት አላቸው፤ ስምንት ለመሙላት አንድ አንድ ይጎድላቸዋል፤ ያችን አንድ ለማግኘት የማያደርጉት የለም። ለዚህ ነው ሦስቱም ብርጭቆ ውስጥ አንድ ዓይነት ጠባይ ያሳዩት። ቴሉሪየም ያለው ስድስት ነው፤ የሚጎድለው ሁለት ነው፤ ቤተሰቡም ሌላ ነው። እዚህ ላይ ስለ ራሴና ስለሚጎድለኝ ነገር አንድ ምሳሌ ልሰጥ አሰኝቶኝ ነበር። ተውኩት። ዕድሜዬን ሙሉ በምሳሌ እያመለጥኩ ነው የኖርኩት።

እንግዲህ መጽሐፉን ዘጋሁት። አንቺ ልክ ነበርሽ። ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቼ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር መናገር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ዓርብ ማታ እናገራለሁ አልኩ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ የብርጭቆዎቹን ቁም ሳጥን፣ ያን ደረቴ ድረስ የሚደርሰውን፣ ከዘበኛው ጋር እየገፋን የሰንጠረዡን የቀኝ ወገን ከአምስተኛው ረድፍ ጀምሮ ጋረድነው። ክሎሪንና ብሮሚን ከላይ ብቅ ብለው ቀሩ፤ አዮዲንና ቴሉሪየም ጠፉ። ዘበኛው ለምን እንደምናዛውረው ጠየቀኝ፤ ብርጭቆውን ፀሐይ እንዳይመታው ነው አልኩት። በፊት በነበረበትም ቦታ ፀሐይ ደርሶበት እንደማያውቅ ነገረኝ። ስንገፋው እኔ ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ ነበር። ያቺን ሁለት ሣጥን ማየት አልፈለግሁም። እባክሽ ይህን ልብ በይልኝ፤ ግድግዳውን አላየሁትም።

ሰኞ ማታ «መምህር፣ ራት ቀርቧል» አልሽኝ።

እናትሽ የምትቀልጂ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን ኩርፊያ ነው፣ በሳምንት ያልፋል ብዬ ነበር። «አንተ» የነበርኩት «እርስዎ» ሆንኩ፤ ሳምንቱ ዓመት ሆነ፤ ዩኒቨርሲቲ ገባሽ፤ የውኃ መመርመሪያው ሥራ ተገኘና ሄድሽ፤ አግብተሽ ወለድሽ። ሃያ ሁለት ዓመት። ምክንያቱ ክፍል ውስጥ የተናገርኩሽ ነገር ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። አንዳንዴ ብቻ፣ ለምን ሦስት ሳምንት ጠብቃ ተቀየመችኝ የሚል ሐሳብ ይመጣብኝና ሒሳቡ አልገጥም ሲለኝ እተወው ነበር። ሰንጠረዡን ከዚያ ወዲህ በቃል ትክክለኛውን ነው ያስተማርኩት፤ የተሳሳተ ነገር ይዞ የወጣ ተማሪ የለም። ቁም ሳጥኑ ግን ጡረታ እስክወጣ፣ ከወጣሁም በኋላ እዚያው ቆሞ ነበር።

አሁን ወደዚህ ሳምንት ልምጣ። ጠመኔን ታስታውሻታለሽ፤ ከጎንሽ ተቀምጣ የሰሌዳ ጠመኔ ትቆረጥም የነበረችው ጓደኛሽ። ዛሬ በእኔ ቦታ ኬሚስትሪ የምታስተምረው እሷ ናት፤ ጠመኔውን ተማሪ ሲወጣ ነው የምትበላው ይባላል። ባለፈው ረቡዕ ቤት ድረስ መጣች። ቤተ ሙከራው ሊታደስ ነው፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ቀለም ቀቢዎች ይገባሉ፤ ሰንጠረዡ ግን እንዳይነካ ለምናለች፤ ፊደሎቹ ስለደበዘዙ መጥቼ እንዳድሳቸው ጠየቀችኝ። እኔ የጠየቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቁም ሳጥኑም ይነሳ እንደሆነ። ይነሳል አለችኝ።

እውነቱን ልንገርሽ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪ ከወጣ በኋላ፣ ሁለት ጣሳ ቀለምና ቀጭን ብሩሽ ይዤ የሄድኩት ልሰርቅ ነው። ማንም ሳያይ ሁለቱን ሣጥኖች አቀያይሬ፣ ከመጀመሪያውም እንዲህ ነበር ልል ነው። ሰባ ዓመት ለሞላው ሰው የሚያሳፍር ዕቅድ ነበር፤ ያም ሆኖ ልቤ እንደ ልጅ እየደለቀ ነው የሄድኩት። ያው ዘበኛ ነው ዛሬም ያለው፤ አርጅቷል። ቁም ሳጥኑን አብረን ስንገፋ «ዛሬስ ፀሐይዋ በየት ዞረች?» አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሆዱ ይዟት ኖሯል።

እሱ ሲወጣ ዞር ብዬ አየሁ። የቀረው ግድግዳ ሁሉ ደብዝዟል፤ ቁም ሳጥኑ የጋረደው ግን ትናንት የተቀባ ይመስላል። ሃምሳ ሁለት፣ አዮዲን። ሃምሳ ሦስት፣ ቴሉሪየም። በሁለቱ መሐል፣ በእርሳስ፣ ከሩቅ በማይታይ ስስ መስመር፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም የሚያመለክት ቀስት አለ። ከቀስቱ ሥር በዚያ ጎንበስ ጎንበስ በሚለው ጽሕፈትሽ፦

«አባዬ፣ ጠባያቸውን እይ። ለማንም አልናገርም።»

መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ መልሼ አነበብኩት። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ጠመኔ ስትገባ እንደዚያው አገኘችኝ። ወድቄ መስሏት ደነገጠች፤ ከዚያ ግድግዳውን አየች። አጠገቤ ቁጭ ብላ ነገሩን ሁሉ ነገረችኝ። ክፍል ውስጥ የተቆጣሁሽ ዕለት፣ በዕረፍት ሰዓት፣ አንቺ ስትጽፊ እሷ በር ላይ ቆማ ሰው ትጠብቅልሽ ነበር። ያዋረድኩሽ ዕለት አንቺ እኔን ከውርደት ልታድኚኝ ነበር የገባሽው። አባዬ እንዳትዪኝ ባዘዝኩሽ ግቢ ውስጥ አባዬ ብለሽ የጻፍሽው ለአባትሽ ነበር እንጂ ለመምህርሽ አልነበረም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ራት ላይ ዓይኔን ታዪ የነበረው እስካነበው እየጠበቅሽ ነበር። ቁም ሳጥኑን ከገፋሁ በኋላ ባለው ሰኞ ጠዋት ደግሞ አብራችሁ ስትገቡ ጽሑፍሽ ተጋርዶ አያችሁት። ጠመኔ እንዳለችኝ አንቺ አላለቀስሽም፣ አልተቆጣሽም።

«አንብቦታል» ብቻ ነበር ያልሽው።

ልጄ፣ አላነበብኩትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንብቤ፣ በገዛ እጄ ቁም ሳጥን የገፋሁበት መስሎሽ ኖረሻል። አላየሁትም፤ ያየሁት ባለፈው ዓርብ ነው። ይህን ስልሽ ግን ንጹሕ ነኝ ማለቴ አይደለም። ያን ቅዳሜ አይቼው ቢሆን ምን አደርግ ነበር ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። ደጄን ከፍቼ ወደ አንቺ እሮጥ ነበር ብል ደስ ባለኝ። አላውቅም። በዚያን ጊዜ የነበርኩትን ሰውዬ አላምነውም። የማውቀው ዛሬ ያለሁት ሰው ወለል ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ማልቀሱን ነው፤ ጠመኔ ምስክሬ ናት።

ቀለሙን ሳልከፍተው ወደ ቤት ተመለስኩ። ለጠመኔ ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቹ ባሉበት እንድመጣ ፈቃድ ጠየቅኋት። እሁድ ጓሮ የቆምኩት ለዚህ ነው፤ አስቀድሜ ካልሠራሁት ለአንቺ የምናገርበት አፍ አልነበረኝም።

ትናንት ጠዋት ገባሁ። አርባ ሁለት ተማሪ ነበር። ቁም ሳጥኑ ተነሥቷል። ይህን የሳለው ማን እንደሆነ፣ ስህተቱ የቱ እንደሆነ፣ ማን እንዳገኘችው፣ እኔስ ምን እንዳልኳት፣ ቁም ሳጥኑን ለምን እንደገፋሁት አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አንዲት ከፊት የተቀመጠች ተማሪ ስንት ዓመት ተሳስቼ እንደነበር ጠየቀችኝ። «አራት ወር ተሳስቼ ሃያ ሁለት ዓመት ደብቄያለሁ» አልኳት። የሳቀ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወንበር አምጥተውልኝ ተቀምጬ ሁለቱን ሣጥኖች በገዛ እጄ አቀያየርኳቸው። ቴሉሪየም ሃምሳ ሁለት፣ አዮዲን ሃምሳ ሦስት። ፊደሎቼ ትንሽ ጠመም ብለዋል፤ ማስመሪያውን የምትይዝልኝ ስላልነበረች ነው።

የእርሳሱን ጽሑፍ አልነካሁትም። ቀለም ቀቢዎቹም እንዳይነኩት ጠመኔ ዙሪያውን ወረቀት ለጥፋበታለች። እኔም ከጠመኔ እርሳስ ተዋስኩና ከጽሕፈትሽ ሥር አንድ መስመር ጻፍኩ፦ «አየሁት፣ ልጄ።» ያረፈደ መልስ ነው። ዜሮ ብትሰጪኝም አልከራከርም።

ይቅርታ የምጠይቅሽ ስለ ቴሉሪየም አይደለም። ስላስቀመጥኩሽ ነው፤ ስላሳቅሁብሽ ነው፤ ልክ መሆንሽን እያወቅሁ ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥርም በስልክም ዝም ስላልኩሽ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ ንጋት ሲዘገይ አንቺ በጨለማው ብዙ ተጉዘሻል። ይቅር ማለት ካልቻልሽ አልቀየምሽም። በልጅሽ ፊት ግን እንደኔ የሚያስረዳ የለም ማለትሽን ካሁን በኋላ አስተካክዪ፤ ያስረዳሽኝ አንቺ ነሽ።

እናትሽ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ሁለት ጊዜ በትከሻዬ ላይ ልታነብ ሞክራ አባርሬያታለሁ። አሁን ጓዳ ሆና ዕቃ እያንኳኳች ነው፤ ሲበቃኝ እነግራታለሁ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ተሠርቷል። ያንቺ ክፍል መስኮት መስታወቱ ተቀይሯል፤ አልጋሽም እንዳለ ነው።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ። የወለድሻት ትደግልሽ፣ ጥያቄዋ አይለቅ፣ የሚያስቀምጣትም አይግጠማት። ክፉ አይንካሽ፤ ከእኔ ዕድሜ የተረፈ ካለ ለአንቺ ይጨመርልሽ።

እሁድ ስትደውዪ ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። ለእናትሽ ጡረታዋን ሰጥቻታለሁ። መምህርም ብትዪኝ፣ ያን ሌላውንም ብትዪኝ፣ አቤት እላለሁ።

አባትሽ